ሰይድ የሚባል ክርስቲያን መርካቶ ሲሄድ

ይህን የምጽፈው መርካቶን አይተው ለማያውቁ፣ ምናልባትም ለማያዩ ያገሬ ሰዎች ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ ስፌት ቤቴ ገብቶ፣ ወንበር ስቦ «እስቲ ያየኸውን አጫውተን» ያላለኝ የለም። ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ፎቁ፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ሰፋፊው መንገድ ነው። እውነቱን ለመናገር ሽቅብ ያየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። መርካቶ ውስጥ ሽቅብ የሚያይ ሰው በጋሪ ይገጫል፤ እኔም ተገጭቻለሁ። እኔ ያየሁት ሰው ነው፣ ያውም የአንድ ቤት ሰው። ስለ ፎቅ መስማት የፈለገ ሌላ መንገደኛ ይጠይቅ።

ለማያውቀኝ አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ሰይድ ይመር ነው። ከደሴ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። እናቴ ከእኔ በፊት የወለደቻቸው ልጆች አልበረከቱላትም ነበር። እኔ ስወለድ ጎረቤታችን ሼህ ይማም ዱአ አድርገው «ይህስ ያድግልሻል፣ ሰይድ በይው» አሏት። አለችኝ፤ አደግሁላትም። ሚካኤል ወስዳ ስታስጠምቀኝ ደግሞ ቄሱ ወልደ ሚካኤል ብለው ሰየሙኝ። ወሎ ውስጥ ይህ ማንንም አያስደንቅም። በእኛ አገር ሰይድ የሚባል ክርስቲያንም፣ ተስፋዬ የሚባል እስላምም አለ፤ ስሙ ሲጠራ ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

እንዲህ በመሆኑ በዕድሜዬ ሙሉ «እኔ ክርስቲያን ነኝ» የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ማን ይጠይቀኛል? የሰፈሬ ሰው እስከ ጓዳዬ ድረስ ያውቀኛል። በዚያ ላይ ዝምተኛ ነኝ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሬ ትራስ አድርጌዋለሁ። ሚስቴ በለጠች «አንተን ለማናገር ደጅ መጥናት ያስፈልጋል» ትለኛለች። እኔም «እምነትም ፍቅርም የልብ ነው» ብዬ እመልስላታለሁ፤ ይህን ስላት ደግሞ ትናደዳለች።

ወደ አዲስ አበባ የሄድኩት ለደብራችን ጉዳይ ነው። ጥምቀት ሰሞን ጧፍ ነክቶት የመቅደሱ መጋረጃ ጠርዙ ተቃጠለ። ሰበካ ጉባኤው ከመርካቶ አዲስ ከፋይ፣ ያ ወፍራሙና ለስላሳው ጨርቅ፣ ይምጣ አለ፣ ጨርቅ የሚያውቅ እኔ ነኝና እኔ ተላክሁ።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ከደሴ ተነሣን። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ሴት ነርስ ነበረች። መንገድ ዳር ቤተ ክርስቲያን ባየች ቁጥር ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ ከግንባር እስከ ደረት፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ አማትባ ትሳለማለች። በዚያ መንገድ ላይ ይህን ያህል ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ያወቅሁት በእሷ ነው። እኔም እሳለማለሁ፤ ነገር ግን በጋቢዬ ውስጥ፣ በአውራ ጣቴ፣ ደረቴ ላይ ትንሽ መስቀል እየሠራሁ። ከከሚሴ ስናልፍ ጋቢው ሲንቀሳቀስ አይታ «ጋሼ፣ ደረትዎን ያምዎታል እንዴ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ» አልኳት። ነርስ ናትና አላመነችኝም። እስከ ጣርማ በር ድረስ በዓይኗ ትጠብቀኝ ነበር።

ምሳ ደብረ ሲና በላን። ሽሮው ደህና ነው፤ የበለጠችን ግን አያህልም፤ በርበሬው ይጮኻል እንጂ አይናገርም። ጣርማ በር ላይ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጆሮዬን ቆነጠጠኝ። ያገራችን ብርድ በአንድ ጋቢ ይመለሳል፣ የዚያኛው ጋቢ አይፈራም። ነርሷ ፎጣዋን አውጥታ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ፤ ላምበረት መናኸሪያ ወርደን እስክንለያይም አልተቀበለችኝም። «ለደረትዎ ያዙት» ብላኝ ሄደች። ፎጣው አሁንም እኔ ጋ ነው።

የእኛ አገር ሰው አዲስ አበባ ሲገባ የሚያውቀው ማደሪያ አውቶቡስ ተራ ነውና እኔም በታክሲ ወደዚያው ሄድኩ። ገና እግሬ መሬት ሳይረግጥ አንድ ደላላ ሻንጣዬን ያዘ። «ፋዘር፣ አልጋ ነው? ንፁህ አልጋ፣ ሙቅ ሻወር!» አለኝ። ሻወሩ ሙቅ አልነበረም፣ ውሃም አልነበረውም። ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው። በጎን ክፍል ያለው ሰውዬ ከሚስቱ ጋር በስልክ ሲነታረክ አመሸ፤ ሁለቱንም ሳላውቃቸው ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ ገባኝ። ትኋኑን አልጽፈውም።

ማክሰኞ ጠዋት ጨርቅ ፍለጋ ወደ አንዋር መስጊድ ሰፈር ወረድኩ። እንግዲህ ያገሬ ሰው ሆይ፣ የማክሰኞ ገበያችንን አስብ፤ ከዚያ ሰውን፣ ከብቱን፣ ጩኸቱን ሁሉ አንድ ቀጭን መንገድ ውስጥ ክተተው። የበርበሬና የእርድ ሽታ አልፎ የጨርቁ መደዳ ይጀምራል። ጣቃው ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ልብስ ሰፊ ነኝና ልቤ ጠፋ። በአንድ ሱቅ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ደም የመሰለ ቀይ ከፋይ አየሁ። አንጋጥጬ ሳለሁ ከኋላዬ «ዞር በል ፋዘር! ዞር በል!» የሚል ድምፅ መጣ። ለሌላ ፋዘር መስሎኝ ቆምኩ፤ ፍራሽ የጫነ ጋሪ ገፍቶ አስተኛኝ።

ጉልበቴ ተልጦ ደማ፣ የጫማዬ ማሰሪያ ተበጠሰ። ጋሪ ገፊው ጭነቱን ጥሎ «ጮኼኮ ነበር! ፋዘር፣ ጮኼኮ ነበር!» እያለ ብብቴን ይዞ አነሣኝና አጠገባችን ካለው ሱቅ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ያ ቀይ ከፋይ ያለበት ሱቅ ነበር። ባለቤቱ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሐጂ ሙስጠፋ ይባላሉ፣ ስልጤ ናቸው። «አሰላሙ አለይኩም፣ አይዞህ፣ አብሽር» አሉና ውሃ አቀረቡልኝ።

«ወአለይኩም ሰላም» አልኩ።

በእኛ አገር ሰላምታ የሚመለሰው በመጣበት ቋንቋ ነው። ሼህ ይማም «አሰላሙ አለይኩም» ብለውኝ «እንደምን አደሩ» ብላቸው እናቴ በቆነጠጠችኝ ነበር። ሐጂ ግን ይህን ከየት ያውቃሉ?

«ከየት ነህ?»

«ከወሎ።»

«ስምህ ማነው?»

«ሰይድ ይመር።»

«ማሻአላህ! የት አረፍክ?»

«አውቶቡስ ተራ፣ ሆቴል ይዣለሁ።»

«ሰይድ የሚባል የወሎ እንግዳ፣ እግሩ ደምቶ፣ አውቶቡስ ተራ ሊያድር? ወላሂ አይሆንም!» አሉ። ሱቃቸውን ዘግተው ደግፈውኝ ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ፤ ሻንጣዬንም ሰው ልከው ከሆቴል አስመጡልኝ።

እዚያ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «ሐጂ፣ ስሜ እንዲህ ነው እንጂ እኔ ክርስቲያን ነኝ» ብል አለቀ። ጉልበቴ እያቃጠለኝ ነው፣ ደግነታቸው ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ነገሩ ስላልተነሣ ነው እንጂ እኔ ምን ደበቅሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ፣ በቆርቆሮ አጥር የታጠረ ጠባብ ግቢ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ለብ ያለ የጨው ውሃ አምጥተው ቁስሌን አጠቡልኝ፤ እህቴ እንኳ እንዲያ አትሳሳልኝም። ለደከመ እንግዳ ይሻላል ብለው ያቀረቡልኝ የአጃ ሾርባና ዳቦ ነበር። ከዚያ ሐጂ ለሶላት ተነሡና «አንተ ጉልበትህ ቆስሏል፣ ክፍልህ ውስጥ ቁጭ ብለህ ስገድ፣ ቂብላው በዚህ በኩል ነው» ብለው በእጃቸው አሳዩኝ። «እሺ» አልኳቸው። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ወደ ምሥራቅ ዞሬ፣ ከንፈሬን እንኳ ሳላንቀሳቅስ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። እግዜር ልብ ያያል፣ ሐጂም አልተቀየሙ፣ ሁሉም ደህና ነው አልኩና ተኛሁ።

ረቡዕ ግን ክትፎ መጣ።

እትዬ ዘይነባ ለእንግዳቸው ክብር ከጠዋት ጀምረው ደክመውበታል። ከቆጮ ጋር፣ ቅቤው እየፈሰሰ፣ ሚጥሚጣው እየሸተተ ፊቴ ተቀመጠ። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው። ሥጋው ደግሞ እስላም ያረደው ነው። እኛ አገር አንድ ሠርግ ላይ ሁለት ዳስ የሚጣለው፣ ሁለት በሬ የሚታረደው ለዚህ አይደል? ማንም ማንንም ሳይንቅ እያንዳንዱ በእምነቱ ስም የታረደውን ይበላል። ያ ክትፎ ከሁለት ወገን ተከልክሎብኝ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ይጠራኛል።

«ሆዴን አሞኛል» አልኩ።

«ውይ ልጄን! የመንገድ ውሃ ነዋ!» አሉ እትዬ ዘይነባ። ክትፎውን አንሥተው ዝንጅብል አፈሉልኝ። ቆጮውን ባዶውን በላሁ። ማታ ደግሞ ለታመመ ሆድ ፍቱን ነው ብለው የዶሮ ሾርባ ይዘው መጡ። ለደግ ሰው መዋሸት እንዲህ ነው፣ አንዱን ውሸት ስትናገር ሌላ ደግነት ይወልድብሃል። «ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል» አልኩ። እትዬ ዘይነባ ሳህኑን ይዘው ቆሙና «የዶሮንም?» አሉኝ። «የዶሮንም» አልኳቸው። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ፣ ምን እንዳሰቡ ግን አልገባኝም።

ያን ዕለት ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ፊቴን ልታጠብ ግቢው ውስጥ ስቆም፣ እጄ ራሱ ሄዶ ኮሌታዬን እያቆመ ነበር፤ ማተቤ እንዳይታይ። እኔ እጄን አላዘዝኩትም። አገሬ ላይ ሁለት ቁልፍ ከፍቼ የምውል ሰው ነኝ። በጣም አፈርኩ፤ ኮሌታዬን ግን አላወረድኩትም።

ሐሙስ ጉልበቴ ተሻለው። ከሐጂ ጋር ሱቅ ዋልኩ። እሳቸው ለገዢው ጨርቅ ሲዘረጉ፣ እኔ ጠርዙን እየያዝኩ አስቆርጥ ነበር፤ ልብስ ሰፊ መሆኔን ስላዩ ደስ አላቸው። ሰው ቀለል ሲል «አንተስ ለምን የሚሆን ጨርቅ ነው የፈለግኸው?» አሉኝ።

ቀዩ ከፋይ እላያችን ላይ ነው። ማተቤን የሸሸገች እጄን ተከትላ ምላሴ «ለድግስ» አለች።

«ታዲያ ቀላል ነው!» ብለው ለሠርግ አዳራሽ የሚሰቀል የሚያብረቀርቅ ጨርቅ አወረዱልኝ። በጣቶቼ ዳሰስኩት። ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ አንድ ክረምት አይከርምም። ይህን በመቅደስ ፊት ልሰቅል? ቄሱ ምን ይሉኛል? «ያኛውን ያውርዱልኝ» እንዳልል ለምን ብለው ይጠይቁኛል። ሐጂ መቀሱን አንሥተው «ስንት ሜትር ልቁረጥ?» ሲሉኝ «ነገ እንወስን» ብዬ አመለጥኩ። ከከተማችን ድረስ የተላክሁበትን ጉዳይ በአንዲት ቃል ምክንያት ላበላሸው ነበር።

ማታ እራት ላይ ሐጂ በደስታ «አልሐምዱሊላህ፣ ጉልበትህ ድኗል! ነገ ጁምዓ ነው። አንዋር አብረን እንሰግዳለን፣ ከጎኔ ነው የምትቆመው» አሉኝ።

ማንኪያዬን አስቀምጬ ተነሣሁ።

ክፍሌ ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣልኝን ሐሳብ ሳልደብቅ ልጻፈው። «በልብህ ክርስቲያን ከሆንክ፣ ጎንበስ ቀና ማለቱ ምን አለበት?» የሚል ነው። ዕድሜ ልኬን የተመካሁባት «እምነት የልብ ነው» የምትለዋ ቃሌ ወዴት እንደምትወስደኝ ያን ጊዜ አየሁ። ሄጄ ከሰገድኩ ክጃለሁ፣ ሌላ ስም የለውም። የደብሬን አደራ ይዤ ልካድ? ደግሞስ እኚያን የመሰሉ ሽማግሌ ከልባቸው በሚሰግዱበት ቦታ፣ ከጎናቸው የውሸት ሰጋጅ ሆኖ መቆም የእሳቸውን ጸሎት መናቅ አይደለም? እንዳልሄድ ደግሞ ጉልበቴ ድኗል፣ የምደገፍበት ሰበብ አልቋል። እውነቱን ብናገር፣ ሦስት ቀን እንጀራቸውን እየበላሁ ያታለልኳቸው ሰው ነኝ። ሻንጣዬን ይዤ ከግቢያቸው ስወጣ፣ እትዬ ዘይነባ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ታየኝ። ከክህደቱ ይልቅ ያ ሲያስፈራኝ ታዘብኩ፤ በራሴም አዘንኩ።

ዓርብ ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ወጡ። ለእኔም አዲስ ነጭ ኮፍያ ገዝተውልኛል። ግቢው ውስጥ በርጩማ አስቀምጠው፣ ማንቆርቆሪያውን ራሳቸው አንሥተው፣ «ና ዉዱእ አድርግ። ጉልበትህን እንዳታጎብጥ እኔ አፈስልሃለሁ» አሉኝ።

አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ ሲሉ፣ እጄን ዘርግቼ ነበር፣ መልሼ ሰበሰብኩት። ማተቤን አውጥቼ ላሳያቸው እጄን ወደ አንገቴ ላክሁ፤ ተውኩት። ይህ በእጅ የሚሆን ነገር አይደለም።

«ሐጂ፣ ይቆዩ» አልኩ። «እኔ ክርስቲያን ነኝ።»

ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ምን አልክ?»

«ክርስቲያን ነኝ። ኦርቶዶክስ።»

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡት። አዩኝ፣ ኮፍያውን አዩት፣ እንደገና አዩኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአርባ ቀኔ ጀምሮ» አልኳቸው።

ከማድ ቤት በኩል የእትዬ ዘይነባ ሳቅ ፈነዳ። ሐጂ ግን አልሳቁም። «ሰላምታዬን መለስክልኝ እኮ!» አሉኝ። በእኛ አገር ሁሉም እንደሚመልስ ነገርኳቸው። «ስምህስ?» አሉ። ስለ እናቴና ስለ ሼህ ይማም ነገርኳቸው። ጢማቸውን ይዘው አዳመጡኝና «የረቡዕ ለታ ሆድህን አሞህ ነበር?» አሉ።

«አላመመኝም። ጾም ነበር። በዚያ ላይ...»

«በዚያ ላይ ያረድነው እኛ ነን» ብለው ጨረሱልኝ።

እትዬ ዘይነባ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ብቅ አሉ። «ኧረ እፎይ! እኔኮ እጄን ተጠይፎ ነው ብዬ ከረቡዕ ጀምሮ ስብሰለሰል ነው የሰነበትኩት!»

«ሰማህ?» አሉ ሐጂ። አሁን ተቆጥተዋል፣ ቁጣቸው ግን የአባት ነው። «ሴትዮዋን አሳዘንካት፣ ራስህን በቤቴ አስራብክ። ክርስቲያን መሆንህ እኔን ምን ያናድደኛል? የጎረቤቴ ግማሹ ክርስቲያን ነው። እኔን አከብራለሁ ብለህ ፈጣሪህን ትደብቃለህ? እሱን የደበቀ ሰው፣ ነገ ሰው ፊት እኔንስ አላውቃቸውም ይለኝ የለ?»

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ። «አውፍ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ኮፍያው ግን ያንተው ነው፣ ለብርድ ይሆንሃል። አሁን ሶላት እንዳይረፍድብኝ» አሉና የሱቃቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። «ደጁ ላይ ቁጭ በልና ጠብቅልኝ።»

የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቁልፍ ይዤ ተቀመጥኩ። መንገዱ በሰጋጅ ሞላ። ጋሪ የለ፣ ጩኸት የለ፤ ሁሉም ምንጣፉን፣ ካርቶኑን አንጥፎ በአንድነት ጎንበስ፣ በአንድነት ቀና ይላል። ኮሌታዬን ከፈትኩ። ንፋሱ አንገቴን ሲነካኝ እንዴት ያለ ዕረፍት መሰላችሁ! ለሦስት ቀን አንገቴን አቀርቅሬ ከርሜ፣ ያን ጊዜ ቀና ብዬ ሰው ሁሉ ላይ ፈገግ ስል የሚያየኝ ያበደ ሳይመስለው አይቀርም። አልተባረርኩም። አልካድኩም። ሁለቱንም በአንድ ቃል ተገላገልኩ፤ እንዲህ ቀላል ከሆነ ማክሰኞ ምን ነበር የያዘኝ?

ሐጂ ከሶላት ሲመለሱ ሱቁን ከፈትን። «እንግዲህ እውነቱን ንገረኝ፣ ድግሱ የማን ነው?» አሉኝ።

«ድግስ የለም። ለመቅደስ መጋረጃ ነው።»

«ያ ረቢ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። «ያን የአዳራሽ ጨርቅ ለመቅደስ ልትሰቅለው? ሰው ምን ይለኛል? ቄሶቹ እኔ ጋ እየመጡ የሚወስዱት ይኸውልህ!» መሰላል አቁመው ቀዩን ከፋይ አወረዱ። ስዳስሰው እጄ ሰመጠ። ዛሬ በደብራችን የተሰቀለው እሱ ነው፤ አይታችሁታል፣ ሌላ አልጨምርበትም።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘይነባ በዘይት የተሠራ ሽሮ አቀረቡልኝ። ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ። እሳቸውም በእያንዳንዱ ጭማሪ «አየህ፣ እጄ ይጣፍጣል» ይሉኝ ነበር። ይጣፍጣል። በለጠች ይህን እንዳታነብ እንጂ ከደብረ ሲናው በጣም ይሻላል፣ ከቤቴም ብዙ አያንስም።

እሁድ መንገደኛ ስለነበርኩ ሐጂ «ቤቴ መጥቶ ሥጋ ሳይቀምስ የሄደ እንግዳ የለኝም» ብለው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ገዝተው መጡ። እትዬ ዘይነባ በአጥሩ ማዶ ካሉት ክርስቲያን ጎረቤታቸው ከእትዬ አልማዝ ድስትና ቢላዋ ተውሰዋል፣ የእኛ ዕቃ ከእነሱ ጋር እንዳይቀላቀል። ሐጂ ዶሮውን አስይዘውኝ «በል፣ በራስህ እምነት ባርከህ እረድ» አሉኝ።

አገሬ ላይ ዶሮም በግም የሚያርድልኝ የሚስቴ ወንድም ነው። እኔ መቀስ እንጂ ቢላዋ ይዤ አላውቅም። ያም ሆኖ ወደ ምሥራቅ ዞርኩና እንደለመድኩት በልቤ፣ ቢበዛ በከንፈሬ ጫፍ፣ ስሙን ጠራሁ።

«አልሰማሁም» አሉ ሐጂ ከበሩ ላይ።

«ብያለሁ፣ ሐጂ።»

«እኔ አልሰማሁም፣ ዘይነባም አልሰማችም። እኛ ብንሆን ቢስሚላህ ብለን ነው የምናርደው። ነገ አገርህ ገብተህ ‹እስላም ቤት ምን በላህ?› ሲሉህ፣ ስሙ ተጠርቶ የታረደ መሆኑን ማን ይመሰክርልሃል? ግቢው ሁሉ ይስማው!»

ሐጂ ቆመዋል፣ እትዬ ዘይነባ ድስቱን ይዘው ቆመዋል፣ ዶሮው እንኳ ዝም ብሏል። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከዚያ በዕድሜዬ አውጥቼው በማላውቀው ድምፅ፣ «በስመ አብ፣ ወወልድ፣ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ!» አልኩ። ድምፄ የቆርቆሮውን አጥር መትቶ ተመለሰ።

«አሜን!» አለ ከአጥሩ ማዶ የሴት ድምፅ። እትዬ አልማዝ ነበሩ። «አሜን! ድስቴን ግን እንዳታቃጥሉብኝ!»

ሐጂ እየሳቁ በሩን ተደገፉ። እኔ ቢላዋውን ይዤ ቆምኩ፣ ዓይኔም እንባ ሞላ። እኔ ስጸልይ ሌላ ሰው አሜን ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው።